ለመቶ ሺህ ዓመት የሚዳፈን ፍም



 በዛሬው ዝግጅታችን ከቤታችን ምድጃ ተነስተን ሰሜን አውሮፓ ከሚገኝ አለት ሥር እንዘልቃለን። ርዕሳችን «ከኒውክሌር ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ የት ይቀበራል?» የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

እናቶቻችን ማታ ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያዳፍኑታል። ጧት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ እንዳለ ይገኛል። ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ግን የሚገኘው አመድ ብቻ ነው። የእንጨት እሳት ባሕርይ ይህ ነው። የኒውክሌር እሳት ግን ከዚህ ይለያል። ነዳጁ ሥራውን ጨርሶ ከማመንጫው ከወጣ በኋላ ለአሥር ወይም ለመቶ ዓመት ሳይሆን ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ ይቆያል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ፍም ማን፣ የትና በምን ያዳፍነዋል?

ጉዳዩ ከእኛ ቤት የራቀ እንዳይመስላችሁ። ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በሚኖሩበት በዐረብ ኢምሬትስ፣ አቡዳቢ ውስጥ «በረካ» የተባለው ማመንጫ አለ። አራቱ ሪአክተሮቹ ከ2020 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ተራ በተራ ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ፍላጎት አንድ አራተኛ ያህል ይሸፍናሉ። ግብፅ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በኤል ዳባ የመጀመሪያውን ሪአክተር መገንባት የጀመረችው በ2022 ነው። አገራችን ኢትዮጵያም በሴፕቴምበር 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። እንግዲህ ጥያቄው ደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

ያገለገለ ነዳጅ ምንድን ነው?

የኒውክሌር ነዳጅ እንደ ናፍጣ ፈሳሽ አይደለም። ከዩራኒየም የተሠራ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ጠጣር ፍሬ ነው። አሠራሩ እንደ ሸክላ ዕቃ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ ነው። እነዚህ ፍሬዎች አራት ሜትር ገደማ በሚረዝሙ ቀጫጭን የብረታ ብረት ቱቦዎች ውስጥ ተደርድረው ይታሸጋሉ። ቱቦዎቹም በእስር በእስር ሆነው ወደ ሪአክተሩ ይገባሉ። እዚያ ውስጥ የዩራኒየም አቶሞች ለሁለት ሲሰነጠቁ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ኤሌክትሪክም ይመነጫል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነዳጁ ኃይሉ ስለሚዳከም ይወጣል። ሲወጣ መልኩ ብዙም አይለወጥም። ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። አቶሞቹ ሲሰነጠቁ የተፈጠሩት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ብርቱ ጨረር ይረጫሉ። አዲስ የወጣን ነዳጅ ያለ መከለያ የቀረበው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ጨረር ይቀበላል። በዚህም ምክንያት ነዳጁ ወዲያውኑ ጥልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ውሃው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ጨረሩንም ያግዳል። የበረካ ማመንጫ ነዳጅም ከሪአክተሩ ሲወጣ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ገንዳ ነው።

ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሁሉም እኩል ዕድሜ የላቸውም። ሳይንቲስቶች ይህን የሚለኩት «ግማሽ ዕድሜ» በሚሉት ሲሆን፣ ንጥረ ነገሩ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስድበት ጊዜ ማለት ነው። ሲሲየም 137 የተባለው ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ነው። ከ300 ዓመት በኋላ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ፕሉቶኒየም 239 ግን ግማሽ ዕድሜው 24 ሺህ ዓመት ነው። በጥቅሉ ሲታይ ያገለገለው ነዳጅ ጨረሩ ቀንሶ፣ መጀመሪያ ከመሬት ከወጣው የዩራኒየም ማዕድን ጋር ለመስተካከል ወደ መቶ ሺህ ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል።

መቶ ሺህ ዓመት ስንት ነው? ነጃሺ ከመካ የተሰደዱትን ሰሐቦች ከተቀበሉ እስከ ዛሬ 1400 ዓመት ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ ርዝመት ሰባ ጊዜ ደራርባችሁ አስቡት። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ስንት መንግሥት ይነሳል፣ ስንት ይወድቃል? ስንት ቋንቋ ይወለዳል፣ ስንት ይጠፋል?

ለምን ወደ ምድር ሆድ?

አንዳንዶች «ለምን በሮኬት ወደ ጠፈር አይላክም?» ይላሉ። ሮኬት ግን ሲነሳ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ጭነቱ በሰው ራስ ላይ ይበተናል። «ባሕር ውስጥ ቢጣልስ?» የሚሉም አሉ። ባሕር የሁሉም ነው፤ በውስጡ ያለውም ዓሣ ተመልሶ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ጨረር ያለውን ቆሻሻ ባሕር ውስጥ መጣል በ1993 በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። «ከምድር በላይ በጥበቃ ይቀመጥ» የሚለው ደግሞ ለጊዜው ያስኬዳል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ያገለገለ ነዳጅ ያለውም በዚሁ ሁኔታ ነው፤ ወይ ገንዳ ውስጥ ነው፣ ወይ በወፍራም ኮንክሪትና ብረት ተሸፍኖ ቆሟል። ነገር ግን ጥበቃ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ሰላም ይፈልጋል፣ የጸና መንግሥት ይፈልጋል። ጦርነት ቢመጣስ? ጠባቂው ቢሸሽስ? የአንድ ዘበኛ ቤተሰብ ለሦስት ሺህ ትውልድ በር ላይ ይቆማል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ስለዚህ ብዙ አገሮች ያጠኑትና የተሻለ ነው ያሉት መንገድ አንድ ነው፤ ሰው በማይደርስበት፣ ውሃ በማይሮጥበት፣ ለሚሊዮን ዓመታት ባልተናወጠ ምድር ውስጥ በጥልቀት መቅበር። ሐሳቡ ቀብሮ መርሳት ብቻ አይደለም። ሰው ቢረሳውም እንኳ አደጋ እንዳይሆን አድርጎ መቅበር ነው።

የፊንላንድ ሥራ

በዚህ መንገድ ከሁሉም ቀድማ የሄደችው ፊንላንድ ናት። ፊንላንድ ቀድሞ ሎቪሳ ከተባለው ማመንጫዋ የሚወጣውን ነዳጅ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ በኋላም ወደ ሩሲያ ትልክ ነበር። በ1994 ግን ሕጓን አሻሻለች። በፊንላንድ የተመረተ የኒውክሌር ቆሻሻ በፊንላንድ ውስጥ እንዲቀበር፣ የሌላ አገር ቆሻሻም ወደ ፊንላንድ እንዳይገባ ደነገገች። በ1996 መላኩ ቆመ። የማመንጫዎቹ ባለቤት የሆኑት ሁለት ኩባንያዎችም በ1995 ለቀብሩ ሥራ «ፖሲቫ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ።

የገንዘቡም ነገር ቀድሞ ታስቦበታል። በ1988 የተቋቋመ የመንግሥት ፈንድ አለ። ማመንጫዎቹ ለቀብሩ የሚያስፈልገውን ወጪ ኤሌክትሪክ እየሸጡ ባሉበት ጊዜ እዚያ ያስቀምጣሉ። መብራቱን ያበራ ሰው የቆሻሻውንም ዋጋ አብሮ ይከፍላል ማለት ነው። ለልጅ ልጅ ዕዳ አይተላለፍም።

ቦታ ፍለጋውም በጥድፊያ የተሠራ አልነበረም። መንግሥት በ1983 የጊዜ ሰሌዳ አወጣ፤ ቦታው እስከ 2000 መመረጥ ነበረበት። መላ አገሪቱ ተጠንታ በመጨረሻ አራት ቦታዎች በዝርዝር ተመረመሩ። ከእነዚህም መካከል በምዕራብ የባሕር ዳርቻ፣ ዩራዮኪ በተባለ ወረዳ የሚገኘው ኦልኪሉኦቶ ተመረጠ። በፊንላንድ ሕግ መሠረት የወረዳው ምክር ቤት «አይሆንም» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። በጃንዋሪ 2000 የዩራዮኪ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ፤ 20 ደገፉ፣ 7 ተቃወሙ። በሜይ 2001 ደግሞ ፓርላማው በ159 ድጋፍና በ3 ተቃውሞ አጸደቀው። የዩራዮኪ ሰዎች ለዓመታት ከኒውክሌር ማመንጫ ጋር ጎረቤት ሆነው የኖሩ፣ ከግብሩም የተጠቀሙ መሆናቸው አይካድም። ዋናው ነገር ግን ተጠይቀዋል፤ እምቢ የማለት መብትም ነበራቸው።

ቁፋሮው በ2004 ተጀመረ። ቦታው «ኦንካሎ» ይባላል፤ ጎድጓዳ ስፍራ እንደማለት ነው። መኪና የሚሄድበት ዋሻ እየተጠማዘዘ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ቀብሩ የሚፈጸመው ከመሬት በታች ከ400 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ነው። በዙሪያው ያለው አለት ዕድሜው ወደ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። የግንባታ ፈቃድ በ2015 ተሰጠ፤ የሥራ ማስጀመሪያ ፈቃድ ጥያቄ በ2021 ቀረበ። በ2024 እውነተኛ ነዳጅ በሌለባቸው ማስመሰያ ዕቃዎች የሙከራ ሥራ ተጀመረ። በዕቅዱ መሠረት 6500 ቶን ያህል ዩራኒየም ወደ 3250 በሚሆኑ መያዣዎች ገብቶ ይቀበራል። ሥራው መቶ ዓመት ገደማ ወስዶ በመጨረሻ ዋሻው ሁሉ ተሞልቶ ይዘጋል።

እንዴት ይቀበራል?

ዘዴውን መጀመሪያ ያወጡት ስዊድኖች ናቸው፤ ጊዜውም 1983 ነው። መሠረቱ በአንድ መከላከያ ብቻ አለመተማመን ነው። ጥሩ በርበሬ ያላት ሴት ዕቃውን በክዳን፣ ክዳኑን በጨርቅ፣ ጨርቁን በገመድ እንደምታጠብቀው፣ እዚህም አንዱ ቢሳሳ ሌላው እንዲይዝ ተደርጎ የታሰበ ነው።

አንደኛው መከላከያ ነዳጁ ራሱ ነው። እንደ ሸክላ የተተኮሰው ፍሬ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ካልሆነ አይሟሟም።

ሁለተኛው መያዣው ነው። ነዳጁ በገንዳ ውስጥ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ አንድ ትልቅ ሲሊንደር ይገባል። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ክፍል የአለትን ግፊት የሚሸከም ብረት ነው። ውጪው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ነው። መዳብ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ኦክስጅን በሌለበት ጥልቅ ቦታ መዳብ በቀላሉ አይበላም፤ በተፈጥሮም ንጹሕ መዳብ ለሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ ሳይጠፋ ኖሮ ይገኛል።

ሦስተኛው ሸክላ አፈር ነው። ቤንቶናይት የሚባለው ይህ አፈር ውሃ ሲነካው ያብጣል። መያዣው ስምንት ሜትር ያህል በሚጠልቅ ቀዳዳ ውስጥ ከቆመ በኋላ ዙሪያው በቤንቶናይት ይታጀባል። አፈሩ ሲያብጥ ክፍተቱን ሁሉ ይደፍናል፤ ውሃ እንዳይመላለስ ይከለክላል፤ አለቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስም እንደ ትራስ ሆኖ መያዣውን ያድናል። ከዚያም ዋሻው ራሱ በሸክላ አፈር ተሞልቶ አፉ በኮንክሪት ይደፈናል። አፈሩ በሙቀት ባሕርዩ እንዳይለወጥ ከ100 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተደርጎ መያዣዎቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ።

አራተኛው አለቱ ነው። በዚያ ጥልቀት ውሃ ቢኖርም በስንጥቆች ውስጥ የሚሄደው እጅግ በዝግታ ነው፤ ኦክስጅንም የለውም። ባለሙያዎቹ ትላልቅ ስንጥቆች ያሉባቸውን ቦታዎች ይዘላሉ። አንድ ቀዳዳ ተቆፍሮ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ከተገኘበት መያዣ አይቀመጥበትም።

ይታመናል ወይ?

መቶ ሺህ ዓመት ቆሞ ያየ ሰው የለም። ታዲያ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ አፍሪካችን አንድ አስደናቂ ምስክር ሰጥታለች። በ1972 ጋቦን ውስጥ ኦክሎ ከሚባል ቦታ በወጣ የዩራኒየም ማዕድን ላይ ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ጉድለት አዩ። ሲመረመር ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰው እጅ ሳይነካው፣ በተፈጥሮ በምድር ውስጥ የኒውክሌር መሰነጣጠቅ መካሄዱ ተረጋገጠ። ሱብሐነላህ! ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ፕሉቶኒየምን የመሳሰሉት የዚያ «እሳት» ውጤቶች ከተፈጠሩበት ስፍራ እምብዛም ርቀው አለመሄዳቸው ነው። ያዳፈናቸው አለቱና አፈሩ ነው። ኦክሎ መያዣ አልነበረውም፤ መዳብም አልነበረውም። በእርግጥ አንድ ቦታ ለሁሉም ቦታ ማረጋገጫ አይሆንም። ነገር ግን ሐሳቡ ከባዶ ያልተነሳ መሆኑን ያሳያል።

ሌላው ሥጋት በረዶ ነው። ሰሜን አውሮፓ ባለፈው የበረዶ ዘመን ውፍረቱ በኪሎ ሜትር በሚለካ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ያ ክብደት ያጎደጎደው መሬት እስከ ዛሬ ቀስ እያለ ይነሳል፤ በኦልኪሉኦቶ በዓመት ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመጪዎቹ አሥር ሺዎች ዓመታት በረዶው ተመልሶ ሊመጣ፣ ሲቀልጥም የመሬት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የብረቱ ጥንካሬ፣ የሸክላው ትራስነትና ከትላልቅ ስንጥቆች መራቁ ለዚህ ቀን የታሰቡ ናቸው።

ክርክርም አለ፤ ይህንን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች መዳብ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥም ሊበላ ይችላል የሚል ጥናት አወጡ። የስዊድን የአካባቢ ፍርድ ቤት በ2018 ስለ መያዣው ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል ብሎ ለመንግሥቱ አስተያየት ሰጠ። የአገሪቱ የጨረር ደኅንነት ባለሥልጣን በበኩሉ ዘዴው አስተማማኝ ነው የሚል አቋም ነበረው። ተጨማሪ ጥናት ቀርቦ መንግሥት በጃንዋሪ 2022 ፈቀደ። ፎርስማርክ በተባለው ቦታም በጃንዋሪ 2025 የግንባታው ሥራ ተጀመረ። ዛሬም ያልተስማሙ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ ተቃዋሚው እንዳይናገር አለመታፈኑንና ጥያቄው በአደባባይ መመርመሩን ነው። ጠያቂ የሌለው ሥራ አስተማማኝ አይሆንም።

ያልተሳካው መንገድ

በአንጻሩ ጀርመን ውስጥ «አሰ» የተባለ አሮጌ የጨው ማዕድን ማውጫ አለ። ከ1967 እስከ 1978 ድረስ ዝቅተኛና መካከለኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ የያዙ ወደ 126 ሺህ የሚጠጉ በርሜሎች እዚያ ገቡ። ቦታው ለጨው እንጂ ለቀብር ተብሎ የተቆፈረ አልነበረም። ከ1988 ጀምሮ በየቀኑ ውሃ እየገባበት ይገኛል። በ2013 በወጣ ሕግ በርሜሎቹ ተመልሰው እንዲወጡ ተወሰነ፤ ይህም እጅግ ውድና ከባድ ሥራ ነው። በርካሽ የተቀበረ ነገር በውድ ይወጣል ማለት ይህ ነው።

አሜሪካም በ1987 ኔቫዳ ውስጥ ያካ የተባለውን ተራራ ብቸኛ የጥናት ቦታ አድርጋ በሕግ መረጠች። የግዛቲቱ ሕዝብና መሪዎች «ተጭኖብናል» ብለው ለዓመታት ተቃወሙ። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከወጣበት በኋላ በኦባማ ዘመን ሥራው ቆመ። ከሁለቱ አገሮች የምናየው ግልጽ ነው። አለቱ ብቻ ሳይሆን የሰውም ፈቃድ መመርመር አለበት።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ውድ አድማጮቻችን፣ ኒውክሌር ይሠራ ወይም አይሠራ የሚለውን ለመወሰን አልተነሳንም። ለአገር ብርሃን ያስፈልጋል፤ ጭስ የሌለው ኃይልም መልካም ነው። ነገር ግን ዕቃ የሚገዛ ሰው የመግዣውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማስወገጃውንም ይጠይቃል። እኛም እንደ ቤተሰብ፣ እንደ ዜጋ አራት ጥያቄዎችን ብናውቅ ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው «ያገለገለውን ነዳጅ ማን ይወስዳል?» የሚል ነው። ባንግላዴሽ ከሩሲያ ጋር ማመንጫ ስትገነባ፣ ያገለገለው ነዳጅ ወደ ሩሲያ እንዲመለስ በ2017 ለብቻው ስምምነት ፈርማለች። መዋዋል ይቻላል ማለት ነው፤ መዋዋል የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ነው። ይሁንና ነዳጁ ሌላ አገር ሄዶ እንደገና ቢጣራም ብርቱ ጨረር ያለው ዝቃጭ ይቀራል። እርሱም የሆነ ቦታ መቀበር አለበት።

ሁለተኛው «ገንዘቡ የት ነው?» የሚል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለብቻው ካልተቀመጠ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያልተወለደ ሰው ዕዳ ይሆናል።

ሦስተኛው «አለታችን ምን ይመስላል?» የሚል ነው። አገራችን በስምጥ ሸለቆ የተከፈለች ናት። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ወገኖቻችንን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በምዕራብና በደቡብ ግን ከሸለቆው የራቁ፣ እጅግ ያረጁ አለቶች አሉ። አለት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፊንላንድ ቦታውን ለመምረጥ ብቻ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅታለች።

አራተኛው «የአካባቢው ሰው ተጠይቋል ወይ?» የሚል ነው። የጎረቤትን ሐቅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም።

ለዛሬ አምፖል ብለን የነገን ሰው ውሃ ብንበክል አማናን በልተናል። ጠባቂ ሳያስፈልገው በሰላም እንዲያርፍ አድርገን ብናዳፍነው ግን ስማችንን የማያውቅ፣ ቋንቋችንን የማይናገር ሰው ሳያውቀው በእኛ ድካም በሰላም ያድራል።

ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ አቶም ሲማሩ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት፤ ጥያቄም ጠይቋቸው።